ኪሪን ደሴት የት ነው? ስለ ፌመስ ፋይቭና ስለ እውነተኛ ቦታዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የእንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ የኢኒድ ብላይተን መጽሐፍ ነበር፤ ፌመስ ፋይቭ የሚባለው ተከታታይ። ሽፋናቸው በፕላስተር ተለጣጥፏል። አንዳንዱ ገጽ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሻይ ብርጭቆ ምልክት አለ። አንዷ መጽሐፍ ደግሞ የመጨረሻ ገጾቿ ተቀደው ስለነበር መጨረሻዋን ሳላውቅ ነው ያደግኩት። ለንደን ከመጣሁ በኋላ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን ቦታዎች ልፈልግ ወጣሁ። አንዴ መስሎኝ ነበር፤ ሦስቴ ሆነ። ይህን የሰሙ የዚያ ዘመን አንባቢዎች፣ የጓደኞቼ ጓደኞች ሳይቀሩ፣ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ሰበሰብኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቆይ፣ ፌመስ ፋይቭ እነማን ነበሩ?

አራት ልጆችና አንድ ውሻ። ጁሊያን፣ ዲክና አን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጆርጅ የአጎታቸው ልጅ ናት። ስሟ ጆርጂና ነው፤ ግን በዚያ ስም የጠራትን ሰው ዞር ብላም አታየውም። ውሻው ቲሚ የእሷ ነው። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ኪሪን በሚባለው የባሕር ዳር መንደር፣ በጆርጅ ቤት። ከዚያ የሆነ ነገር ይሸታቸዋል። ማታ ከግንብ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ በተዘጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር፣ ደብዛው የጠፋ ሳይንቲስት። ትልልቆቹ አያምኗቸውም። በመጨረሻ ፖሊስ ይመጣል፣ ጉዱ ይወጣል፣ ራት ይቀርባል።

የመጀመሪያዋ መጽሐፍ የወጣችው በ1942፣ ጦርነቱ መሐል ነው። ብላይተን መጀመሪያ ያሰበችው ስድስት ያህል ልትጽፍ ነበር። ልጆቹ ጨምሪ ጨምሪ አሏት፤ በ1963 ስታቆም 21 ደርሳ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጁሊያን 12፣ ዲክና ጆርጅ 11፣ አን 10 ዓመታቸው ነው። የእረፍት ጊዜዎቻቸውን አንድ በአንድ ብትቆጥሩ ጁሊያን መጨረሻው ላይ ጢም ማብቀል ነበረበት። ግን ማንም አያድግም። ውሻው እንኳ አያረጅም።

እሺ፣ ኪሪን ደሴት የት ነው?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። አጭሩ መልስ፦ ካርታ ላይ የለም። ረጅሙ መልስ ግን ይጣፍጣል።

የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ውስጥ ደሴቷ ትንሽ ናት። ዙሪያዋን ሹል ድንጋይ ከቧታል፤ መንገዱን የምታውቀው ጆርጅ ብቻ ናት። መሐሏ ላይ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። ከሥሩ የምድር ቤት አለ፤ እዚያ ውስጥ ጥፍጥፍ ወርቅ።

እንግሊዞቹን ብትጠይቁ አብዛኞቹ «ኮርፍ ነዋ!» ይሏችኋል። ኮርፍ በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ፐርቤክ በሚባለው አካባቢ ያለ የፈረሰ ግንብ ነው። ብላይተን ዓመት እየጠበቀች የምትመላለሰው ወደዚያው አካባቢ ነበር። በ1957 የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ፊልም ስትሆንም ቀረጻው የተሠራው እዚያው ዶርሴት ነው፤ ኮርፍም አለበት። እና ሰው ቢያምን አይፈረድበትም። አንድ ችግር ብቻ አለ። ኮርፍ ደሴት አይደለም። ኮረብታ ላይ ነው ያለው፤ ከግንቡ እስከ ባሕሩ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። መጀመሪያ ስሄድ ይህን አላውቅም ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ባሕሩን በዓይኔ ስፈልግ በግ ብቻ አየሁ።

ሁለተኛው መልስ ከራሷ ከብላይተን የመጣ ነው። ደብዳቤ ላይ እንደጻፈችው ደሴቷን ያየችው ጀርሲ ነው። ጀርሲ ለፈረንሳይ የቀረበች፣ ግን የእንግሊዝን ንጉሥ ንጉሤ የምትል ደሴት ናት። ብላይተን በ1924 ከመጀመሪያ ባሏ ጋር ጫጉላዋን ያሳለፈችው እዚያ ነው። ከባሕሩ ዳር ፈንጠር ብሎ አሮጌ ግንብ ያለበት አለት አለ ትላለች። ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋይ መንገድ በእግር ይገባል፤ ውኃው ሲመለስ በጀልባ ብቻ። ይህ ከሴንት ሄሊየር ከተማ ፊት ለፊት ካለው ከኤልዛቤት ግንብ ጋር ልክክ ይላል። ግንቡ መሠራት የጀመረው በ1590ዎቹ ነው። ስሙን ያወጣለት የደሴቲቱ ገዥ የነበረው ዋልተር ራሌይ ነው፣ ለንግሥቲቱ ክብር።

ታዲያ ማንኛው ነው? እኔን ከጠየቃችሁ ሁለቱም። ውኃው ከጀርሲ ነው፣ ፍርስራሹና ቁራዎቹ ከኮርፍ። ይህን ስል ከባድ ምርምር አድርጌ አይደለም። ልጅ ሆኜ እኔም ያንኑ ስላደረግኩ ነው። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የፋሲልን ግንብ ከደብተር ሽፋን ላይ አንስቼ ታና ላይ ካለ አንድ ደሴት ላይ አስቀመጥኩት። የእኔ ኪሪን ለዓመታት እንደዚያ ነበረች። ጆርጅ የምትቀዝፈውም ታንኳ ነበር።

ብላይተን ራሷ አታውቅም ነበር እንዴ የትኛውን ቦታ እንደምትጽፍ?

አጻጻፏን ካወቃችሁ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ብላይተን የጽሕፈት መኪናዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር የምትጽፈው። ከቀናት በአንዱ ከሆነላት 10,000 ቃል ትጽፋለች። በ1950ዎቹ ለአንድ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ለፒተር ማኬላር፣ አሠራሯን በደብዳቤ አስረድታዋለች። ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ እንደ ሲኒማ ከፊቴ ይመጣሉ፣ እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ ነው ነገሩ። ያየቻቸው ደሴቶች፣ ግንቦች፣ ዋሻዎች ሁሉ ከሐሳቧ ሥር ተቀምጠው ቆይተው፣ ተቀላቅለውና ተለውጠው እንደሚወጡም ነግራዋለች።

ስለዚህ «ይቺ ድንጋይ ገጽ 40 ላይ ያለችው ናት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። አለ እንደዚያ የሚል። እኔ ራሴ አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ።

ኮርፍ ሄጄ ምን አያለሁ?

ደሴት አለመሆኑን አንዴ ከተቀበላችሁት፣ ከመጽሐፉ የሚበልጥ ነገር ታያላችሁ።

ግንቡ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተገነባ ነው። እንግሊዝን የወረረው ዊሊያም ነው ያስጀመረው። ከዚያም በፊት ቦታው ደም ያለበት ነው። በ978 ወጣቱ ንጉሥ ኤድዋርድ እዚያ ተገደለ። ያስገደለችው የእንጀራ እናቱ ናት ይላል አፈ ታሪኩ፤ የራሷን ልጅ ለማንገሥ። ዛሬ ሰማዕቱ ኤድዋርድ ይሉታል።

ዋናው ታሪክ ግን የ1640ዎቹ ነው። ንጉሡና ፓርላማው ሲዋጉ ግንቡ የባንክስ ቤተሰብ ነበር። ባልየው የንጉሥ ሰው ስለሆነ ከቤት የለም። ሚስቱ ሌዲ ሜሪ ባንክስ በሩን ዘግታ በ1643 የፓርላማውን ወታደሮች መለሰቻቸው። በኋላ ሁለተኛ ከበባ መጣ። ያም ቢሆን ግንቡ በመድፍ አልወደቀም፤ በክዳት ነው የወደቀው። ከራሷ መኮንኖች አንዱ ረዳት ጦር አመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ ይዞ የገባው ጠላትን ነው። ወታደሮቹ ልብሳቸውን ገልብጠው ለብሰው የንጉሡ ሰዎች መስለው ገቡ ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህን ብላይተን አልጻፈችውም። ግን የእሷ ምዕራፍ አይመስልም?

በ1646 ፓርላማው ግንቡ ይፍረስ አለ። ሥሩን ቆፍረው ባሩድ ቀበሩበት። ለሌዲ ሜሪ የተተወላት ቁልፉ ነው። ትልልቆቹ የብረት ቁልፎች ዛሬም በዚያው ዶርሴት፣ ቤተሰቡ በኋላ በሠራው ኪንግስተን ሌሲ በሚባለው ቤት ውስጥ ይታያሉ። ግንቡንም ቤቱንም አሁን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው፤ የባንክስ ቤተሰብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኑዛዜ አስረከበው።

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ወደ ላይ ስትወጡ ሁለተኛው በር ጋ ቁሙ። በሩ ግራና ቀኝ ሁለት ግንብ ነበረው። ባሩዱ ሲፈነዳ አንደኛው ግን አልተሰባበረም፤ እንዳለ፣ ቆሞ፣ ወደ ታች ተንሸራተተ። አሁንም እንደዚያው ነው። ግማሹ በር ከሌላው ግማሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ከአንዱ ወገን የጀመረ የድንጋይ መስመር መሐል ላይ ይቋረጥና ከሰው ቁመት በላይ ወርዶ ይቀጥላል። አንድ ትንሽ ልጅ አባቱን «ማነው የገፋው?» ሲለው ሰማሁ። አባትየው መልስ አጣ።

ላይኛው ግንብ ጋ ስትደርሱ ቁራዎቹን ስሟቸው። እንግሊዞቹ ጃክዶው የሚሏቸው ናቸው፤ ከእኛ ቁራ ያንሳሉ፣ ማጅራታቸው ግራጫ ነው፣ ዓይናቸው ነጣ ያለ። ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ ይላሉ። በመጀመሪያዋ መጽሐፍ ውስጥ ልጆቹ ኪሪን ግንብ ሲደርሱ የሚሰሙት ይህንኑ ድምፅ ነው። ወፎቹ ጎጆ ሲሠሩ የጣሉት ጭራሮ ግድግዳው ሥር ተከምሮ አየሁ። አንዷን ጭራሮ አንስቼ ኪሴ ከተትኳት። መጽሐፉ ውስጥ ሆኖ ቢሆን እሳት ይነድባት ነበር፤ እኔ ግን ለንደን ደርሼ ጃኬቴን ሳጥብ ነው ያስታወስኳት።

ስትወርዱ መንደሩ ውስጥ ያለችውን የግንቡን ትንሽ ሞዴል እዩ። ሳይፈርስ በፊት እንዴት እንደነበር በአንድ ሃያኛ መጠን ተሠርቷል። የመንደሩን ቤቶች ግድግዳም ልብ በሉ። ግንቡ ሲፈርስ ድንጋዩ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ሰው እየተሸከመ ቤት ሠራበት።

ባቡሩስ? የከሰል ባቡር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

አለ፣ እና የሚያምር ነው። ከስዋኔጅ ከተማ ተነስቶ በኮርፍ በኩል ኖርደን ድረስ ይሄዳል፤ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ በ1972 ተዘግቶ ሐዲዱም ተነቅሎ ነበር። ባቡር የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው ሐዲዱን እንደገና አንጥፈው በ1995 ባቡሩን ኮርፍና ኖርደን ያደረሱት። ከግንቡ ላይ ሆናችሁ ከታች ጭሱን እየተፋ ሲመጣ ስታዩት፣ እነ ጁሊያን ከመስኮቱ አንገታቸውን የሚያወጡ ይመስላል። በየቀኑ ግን አይሄድም። ከመነሳታችሁ በፊት ፕሮግራሙን እዩ።

በእውነት ደሴት መርገጥ እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?

ብራውንሲ። ከፑል ወደብ በጀልባ ትንሽ ጉዞ ናት።

በ1962 የወጣችው ሃያኛዋ መጽሐፍ ውስጥ ዛፎቿ የሚያንሾካሹኩ፣ ማንም እንዲገባባት የማይፈቀድ ደሴት አለች። ያቺ ደሴት ብራውንሲ ናት። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ብላይተን መጽሐፉ መግቢያ ላይ ቦታዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ለአንባቢዎቿ ነግራቸዋለች። መጨረሻዋ የተቀደደው የትምህርት ቤቴ መጽሐፍም ይቺው ናት።

የማይገባባት የሚለውም ፈጠራ አይደለም። በ1927 ሜሪ ቦናም ክሪስቲ የተባሉ ሴት ደሴቷን ገዙ። ነዋሪውን አብዛኛውን አስወጡ፣ እርሻውን ተዉት፣ እንግዳ ዝር አይበል አሉ። ደሴቷ ጫካ ሆነች። ከፑል ባሕር ዳር ሆኖ ለሚያያት ልጅ ምን ያህል እንደምታጓጓ አስቡት! ሴትየዋ በ1961 አረፉ። ከዚያ ናሽናል ትረስት ተረከባትና በ1963 ለሕዝብ ተከፈተች። ማለትም ብላይተን የተከለከለችውን ደሴት ጽፋ መጽሐፏ በወጣ በዓመቱ ክልከላው አበቃ።

ለሴትየዋ አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ያ ሁሉ ዓመት ጫካው ሳይነካ ስለቆየና ግራጫው ሽኮኮ ባሕሩን ስላልተሻገረ ነው ዛሬ ቀይ የዛፍ ሽኮኮ እዚያ የቀረው። በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ከአሜሪካ የመጣው ግራጫው አጥፍቶታል ማለት ይቻላል። ሽኮኮውን ለማየት ጠዋት ግቡ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጭራውን ብቻ ነው።

ደሴቷ በሌላም ነገር ትታወቃለች። በ1907 የስካውት መሥራቹ ቤደን ፓወል የመጀመሪያውን የስካውት የሙከራ ካምፕ ያደረገው እዚያ ነው። ጀልባው በቅዝቃዜው ወራት እንደ ልብ ስለማይሠራ ከፀደይ እስከ መኸር ባለው ጊዜ ሂዱ።

የመጽሐፏን መጨረሻስ? ከጀልባው ወርጄ ፑል ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባሁ፤ እዚያ አገኘኋት። የቀሩኝን ገጾች ባቡር ውስጥ ጨረስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ የፈጠርኩላት መጨረሻ ይሻል ነበር።

ብላይተን ጎልፍ ሜዳ ነበራት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሁለተኛ ባሏ ከኬኔት ዳረል ዎተርስ ጋር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስተድላንድ አጠገብ ያለውን የፐርቤክ ጎልፍ ክለብ ገዙ። በአንድ ፓውንድ ነው የገዙት እየተባለ ይወራል፤ ወሬው ስለሚጥም ማንም ሊተወው አልፈለገም። በ1965 ሸጡት። እኔ ጎልፍ አልችልም። ግን ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ የፑል ወደብ በሙሉ ከፊታችሁ ተዘርግቷል፣ ብራውንሲም መሐል ላይ። የሃያኛዋ መጽሐፍ ልጆች ደሴቷን ያዩት ከዚህ ነው። ስተድላንድ ድረስ ከወረዳችሁ ኦልድ ሃሪ የሚባሉትን ከባሕሩ የቆሙ ነጫጭ አለቶች ሳታዩ አትመለሱ።

ሌላኛዋ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የፊኒስተን እርሻስ?

ሰሜን ዶርሴት ውስጥ፣ ስቱርተን ኮንድል መንደር ያለው ማነር ፋርም ነው። ብላይተን በ1956 ገዛችው፣ በ1960 መጽሐፍ አደረገችው። ግን የግል እርሻ ነው፤ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ እዩና ሂዱ።

ከለንደን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ለኮርፍ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ከዋተርሉ ጣቢያ እስከ ዌርሃም በባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ከዚያ አውቶቡስ አለ። ኮርፍንና ብራውንሲን ባንድ ቀን አደርጋለሁ የሚል ሰው ግን ሁለቱንም በሩጫ አይቶ ይመለሳል። አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ።

የመመለሻችሁን አውቶቡስ ሰዓት ቀድማችሁ አጣሩ። እኔ ስልኬ ላይ የሥራ ቀኑን ፕሮግራም አይቼ ሄድኩ። ቀኑ እሁድ ነበር። የመጨረሻው አውቶቡስ ከሄደ ቆይቷል። ፌርማታው ላይ አንድ ሰዓት ቆሜ ጨለመብኝ፤ ታክሲ ተጠርቶልኝ የከፈልኩት ከባቡር ቲኬቴ በለጠ። ፌመስ ፋይቭ ቢሆኑ ኖሮ ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር፣ ያውም ደስ ብሏቸው። መጽሐፉ ውስጥ ግን የመስከረም ነፋስ የለም።

ለንደን አካባቢ ሆኜ የማየው ነገር የለም?

ትንሽ ትንሽ አለ። ቢከንስፊልድ የነበረው ግሪን ሄጅስ የሚባለው ቤቷ በ1973 ፈርሷል። እሷ በ1968 ነው ያረፈችው፤ ቤቱ ከእሷ በኋላ አምስት ዓመት ብቻ ቆየ ማለት ነው። ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ቤከንስኮት የሚባል ከ1929 ጀምሮ ያለ የትንንሽ ቤቶች መንደር አለ። እዚያ ግሪን ሄጅስ በትንሹ ተሠርቶ ቆሟል። ጣሪያው ወገባችሁ ጋ ይደርሳል። ልጅ ካላችሁ እንዲያውም ከዚህ ጀምሩ፤ ከኮርፍ ይልቅ እዚህ ይስቃል።

ያ «የተትረፈረፈ የዝንጅብል ቢራ» የሚለው አባባል የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው?

የትኛውም ላይ። እንግሊዞቹ ሁሉ «ላሺንግስ ኦቭ ጂንጀር ቢር» ይላሉ፣ ከመጽሐፉ አንብቤዋለሁ ብሎ የሚምልም አለ። የመጣው በኖቬምበር 1982 ቻናል 4 የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ በጀመረበት ምሽት ከታየ ቀልድ ነው። በፌመስ ፋይቭ ያሾፈ ፊልም ነበር፤ ቀልዱ መጽሐፉን ዋጠው። ልጆቹ ዝንጅብል ቢራ መጠጣታቸው ግን እውነት ነው፣ በየገጹ ይጠጡታል። አልኮል የለውም። ኃይለኛ የዝንጅብል ሻይን አቀዝቅዛችሁ ስኳርና ጋዝ የጨመራችሁበት አድርጋችሁ አስቡት።

የአካባቢው ዋና ምግብ ስኮን፣ በቅቤና በወተት የሚጋገር ትንሽ ዳቦ፣ በክሬምና በጃም ነው። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ግን ከዚያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ የሚተርፋችሁ ጃሙ ነው።

ለልጆቼ ላንብብላቸው? ብላይተን ዘረኛ ናት ይባላል።

ይባላል ብቻ ሳይሆን አለበት። መጻሕፍቷ ውስጥ ፈረንጅ ያልሆነ ሰው፣ ጂፕሲ ወይም አነጋገሩ ለየት ያለ ሰው ብቅ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ተጠርጣሪ ነው። ስለ ጥቁር አሻንጉሊት የምታወራው የሌላ መጽሐፏ ታሪክ እሷ በሕይወት ሳለች፣ በ1966 ሳይቀር ተወቅሶባታል። የሴቶቹም ነገር አለ። አን ሁሌ ዕቃ አጣቢ ናት። ጆርጅ የምትመሰገነው ደግሞ «እንደ ወንድ» ስትሆን ነው።

ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ አልታየኝም። ጆርጅ እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማነበው። በሰላሳዎቹ ዕድሜዬ ስመለስበት አንዳንድ ገጽ ላይ ቆም አልኩ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ብገባ እነ ጁሊያን ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆነው የሚሰልሉት ሰው እኔ ነበርኩ። ይህ ያማል፣ አልዋሽም። ቢሆንም መጽሐፉን አልጣልኩትም። ለእህቴ ልጅ ሳነብላት እዚያ ጋ ስደርስ አቆማለሁ፣ እንነጋገራለን፣ እንቀጥላለን። ስምንት ዓመቷ ነው፤ «ይሄ ሰውዬ ምን አደረገ? ምንም አላደረገም እኮ!» ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

አሳታሚው በ2010 ቋንቋውን ለማዘመን ሞክሮ ነበር። ብዙውን ያረጀ ቃል ቀየረ። አንባቢው አልወደደውም፤ በ2016 ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

የትኛውን እትም ልግዛ?

የአይሊን ሶፐር ሥዕል ያለበትን። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ 21ዱንም የሣለቻቸው እሷ ናት። በአሮጌ መጽሐፍ መሸጫዎች በርካሽ ይገኛል። ገጾቹን ግን ቆጥራችሁ ግዙ።

ውሻዬን ይዤ ኮርፍ መግባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በማሰሪያ ከያዛችሁት። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩ ቀን አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ላይኛው ግንብ ሥር ቁጭ ብሎ ቁራዎቹን ቀና ብሎ ያይ ነበር። እነሱ ቻክ ባሉ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል። ባለቤቲቱን ስሙ ማን ነው አልኳት። «ኬቨን» አለችኝ።